እንጆሪ የሚሸት ጃኬት

ጅማ ውስጥ ቡና ቀማሽ ነኝ፤ እንጀራዬ በአፍንጫዬ ነው። ስለ ሲጋራ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ታናሽ ወንድሜ ማጨስ ማቆሙ በሠፈሩ ከተሰማ ወዲህ ግን ሰው ወደኔ መምጣት ጀመረ። የሚመጡት አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም አንድ ዓይነት ነው። «ልጄ ያጨሳል አሉኝ፤ ግን ያንን የፍራፍሬውን ነው አሉ። እሱ እኮ ቀላል ነው፣ አይደል?» ለእያንዳንዷ ከምደጋግመው ያየሁትንና ጠይቄ የተረዳሁትን እዚህ ላስቀምጠው።

ቀላል አይደለም። የእንጆሪ፣ የፖም፣ የወይን ወይም የሐብሐብ ጣዕም ያለው ሲጋራ ውስጡ ያው ትምባሆ ነው። ሲነድ ያው ታር የሚባለው ዝፍት መሳይ ዝቃጭ፣ ያው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል፤ ኒኮቲኑም አለበት። የትምባሆ ጭስ ከ7000 በላይ ኬሚካሎችን ይይዛል፤ ከነሱም 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው። ፍራፍሬው ከነዚህ አንዱን እንኳ አያስወጣም። ጣዕሙ የሚለውጠው ጀማሪው ሲስብ የሚሰማውን ነው፤ እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ወንድሜ ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ የሚያድረው ግን ቤት ነው። አንድ ሰሞን ከሰዓት በኋላ ወጥቶ ሲመሽ ሲመለስ ጃኬቱ እንጆሪ እንጆሪ ይለኝ ጀመር። እማዬ «ማስቲካ ነው» አለች። እሱም «ማስቲካ ነው» አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሲኒ ላይ ጎንበስ ብዬ ሳሸት ነው የምውለው። ከነገለፈቱ በደንብ የደረቀ የጅማ ቡና የፍራፍሬ ቃና አለው፤ ያ ቃና ግን ብቻውን አይመጣም። ኮምጠጥ ይላል፣ አንዳንዴ ወይን ጠጅ ወይን ጠጅ ይላል፣ ሲኒው እየቀዘቀዘ ሲሄድም ይለዋወጣል። የጃኬቱ እንጆሪ አይለዋወጥም፤ ማታ የሸተተኝ ጠዋትም ያው ነው። ከሥሩ ደግሞ አመድ አለ። ማስቲካ አመድ አይሸትም።

ይህን ለማወቅ የቀማሽ አፍንጫ የግድ አይደለም። የልጁን የቀኝ እጅ ጣቶች አሽትቱ፤ ልብስ ይቀየራል፣ አፍ ይታጠባል፣ የጣት ሽታ ግን ቶሎ አይለቅም። ከኪስ የሚወድቀውን የሲጋራ ቁራጭ ካገኛችሁ ፊልተሩን ጫን በሉት። የዚህ ዓይነቱ ሲጋራ አብዛኛውን ጊዜ ቀጠን ያለ ነው፤ ፊልተሩ ውስጥ በጣት ሲጫኗት «ጠቅ» ብላ የምትፈነዳ ትንሽ እንክብል አለችው፤ ፈሳሹ ጣዕሙን የያዘው ነው። የት እንደሚጫኑ እንዲታወቅ ፊልተሩ ላይ ምልክት ይደረግበታል። የፈነዳችው እንክብል ፊልተሩን በአንድ በኩል ታረጥበዋለች። እኔ ያገኘሁት እንዲህ ያለ ቁራጭ ነበር፤ ልብስ ላጥብ ስል ከሱሪው ኪስ።

ፓኮ ፈልጋችሁ አትድከሙ፤ ፓኮ ቤት አይገባም። ልጆቹ ከጀብሎ ወይም ከሱቅ በፍሬ ነው የሚገዙት። በአገራችን ሕግ የፓኮው ፊትና ጀርባ 70 በመቶው በማስጠንቀቂያ ጽሑፍና ሥዕል መሸፈን አለበት። በፍሬ የሚገዛ ልጅ ታዲያ ያንን ሥዕል መቼ አየው? ሥዕሉን የሚያየው ባለሱቁ ነው፤ ባለሱቁ ደግሞ አያጨስም! ወንድሜ ኋላ ያሳየኝ ፓኮ ጭራሽ የኛ አገር ማስጠንቀቂያ የሌለበት፣ ላዩ ላይ የፍራፍሬ ሥዕል ያለበት፣ በኮንትሮባንድ የገባ ነው። ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥ የብስኩት ማሸጊያ ነው የምትሉት።

እንዴት እንደጀመረ የነገረኝ ብዙ ቆይቶ ነው። በርጫ ላይ ነው። መጀመሪያ ያቀበሉት ተራውን ሲጋራ ነበር። አንዴ ሳበው፣ ሳሉ ሊገድለው ደረሰ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ፣ ሳቁበት፤ መለሰላቸው። ከዚያ በኋላ ለወራት አልነካም። ያቆመው የማንም ምክር አልነበረም፣ ሳሉ ነው። ኋላ አንዱ ልጅ ቀጭኗን ይዞ መጣ። «ይቺ አትቆረቁርም» አለው። እውነቱን ነው፤ አልቆረቆረችም። በዚያው ቀጠለ።

የጅማን በርጫ የሚያውቅ ሰው ይህ ለምን እንደሠራ ወዲያው ይገባዋል። ጫት መራራ ነው፤ ስለዚህ ከጎኑ ስኳር፣ ለውዝ፣ ለስላሳ ይቀርባል። መራራውን በጣፋጭ ማወራረድ የለመደ አፍ፣ ጣፋጭ ጭስ ሲመጣለት እንግዳ አይሆንበትም። ምርቃናው ሲገባ ደግሞ እጅ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል። ከወንድሜ ጓደኞች መካከል «እኔ አጫሽ አይደለሁም፣ ከጫት ጋር ብቻ ነው» የማይል አላገኘሁም። በሳምንት ስንት ቀን እንደሚቃም ስትጠይቋቸው ዝም ይላሉ።

ሳል ዘበኛ ነው። የአየር ቧንቧችን የሚያቃጥል ነገር ሲገባበት ያባርራል፤ የመጀመሪያው ሲጋራ ማንንም የሚያስለው ለዚህ ነው። ያቺ እንክብል ዘበኛውን ታስተኛዋለች። ከፍራፍሬው ጣዕም ጋር አብዛኛውን ጊዜ ሜንቶል አለባት፤ ሜንቶል ቅዝቃዜ የሚያሰማውን ነርቭ ይነካና ጉሮሮ እየተቃጠለ «ቀዘቀዘኝ» እንዲል ያደርገዋል። ትምባሆው ላይ የተጨመረው ስኳርም ሲነድ አሲድ ይፈጥራል፤ የጭሱም ሻካራነት ይለዝባል። ያልቆረቆረው ሰው በጥልቀት ይስባል፣ ትንሽ ያቆየዋል፣ ሁለተኛም ያምረዋል። ኒኮቲኑ በሰከንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። ሱሱን የሚያስይዘው እሱ ነው፤ እንጆሪው በር ከፋች ነው።

ስለ ስኳሩ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ይህ የሙያዬ ነገር ነው። ጥሬ ቡና ውስጥ ስኳር አለ፤ አረቢካ ከሆነ ከክብደቱ ከ6 እስከ 9 በመቶ ገደማ። ሲቆላ አብዛኛው ይጠፋል። ጠፋ ስል ተለወጠ ማለቴ ነው፤ ከቡናው ቀለም፣ ከሽታውና ከኮምጣጣነቱ ብዙው ከዚያ የመጣ ነው። ይህ ሁሉ የሚሆነው በ200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ሲጋራ ሲሳብ የጫፉ ፍም 900 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። እዚያ እሳት ውስጥ የገባ ስኳር፣ ማር ወይም የፍራፍሬ ጭማቂ በሌላኛው ጫፍ ጭማቂ ሆኖ አይወጣም። ከሚወጡት ነገሮች መካከል አሲታልዲሃይድ፣ ፎርማልዲሃይድና አክሮሊን ይገኙበታል።

ፎርማልዲሃይድን የሕክምና ተማሪዎች በደንብ ያውቁታል፤ አስከሬን እንዳይበሰብስ የሚቀመጥበት ፎርማሊን የሚሠራው ከሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠው ነገሮች ተርታ መድቦታል። አክሮሊን ደግሞ ዘይት ድስት ላይ ሲያር ዓይንና ጉሮሮ የሚያቃጥለው ጭስ ውስጥ ያለው ነው። አሲታልዲሃይድ ከሁለቱ ሌላ ጠባይ አለው። ገና ለአካለ መጠን ባልደረሱ አይጦች ላይ በተደረገ ምርምር፣ ከኒኮቲን ጋር ሲደባለቅ እንስሳቱ ኒኮቲኑን ብቻውን ከሚፈልጉት አብልጠው ፈለጉት። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ተራው ሲጋራ ላይም ፋብሪካዎች ስኳር ይጨምራሉ፤ ከእንጨትና ከትምባሆ ቅጠል ጭስም እነዚሁ ነገሮች ይወጣሉ። ስለዚህ «ከተራው ይልቅ ይኼኛው ይገድላል» ብዬ አልከራከርም። ሁለቱም ይገድላሉ። ይኼኛው የሚለየው ተራውን የማይነካ ልጅ ስለሚነካው ነው።

«ጣዕሙ እኮ ለምግብ የተፈቀደ ነው፣ ከረሜላ ውስጥ ያለው ነው» ይላሉ ልጆቹ። ወንድሜም ይህን ብሎኛል። ሆድና ሳንባ አንድ አይደሉም። ቅቤ ቅቤ የሚል ጣዕም የሚሰጥ ዲያሲቲል የሚባል ኬሚካል አለ፤ ምግብ ውስጥ ሲበላ ችግር የለበትም ተብሎ ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ሚዙሪ ውስጥ የፈንዲሻ ፋብሪካ ሠራተኞች የነበሩ ሰዎች በማይድን የሳንባ በሽታ ተይዘው ተገኙ። ትንንሾቹ የአየር ቧንቧዎች ጠባሳ ሠርተው ይዘጋሉ። ሰዎቹ ፈንዲሻውን ስለበሉ አልታመሙም፤ የጣዕሙን ተን ስለተነፈሱ ነው። ይህን ያነበብኩት ስለ ሲጋራ ብዬ አልነበረም፣ ለሥራዬ ነው፤ ምክንያቱም ኋላ ላይ ቴክሳስ ውስጥ ቡና ላይ ጣዕም የሚጨምሩ ሠራተኞች ላይም ያው በሽታ ታይቷል። የተቆላ ቡና ራሱ ሲፈጭ ጥቂት ዲያሲቲል ስለሚያወጣ መፍጫ ያለበትን ክፍል መስኮት ከፍተን ነው የምንሠራው። ከዚያ ወዲህ «የሚበላ ነው» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «በርበሬም ይበላል፤ እስኪ ሳበው» እለዋለሁ። ወንድሜን ያሳቀው ይህ ብቻ ነው።

ወደ ሐኪም የወሰደን ሳይንሱ አይደለም፣ ክረምቱ ነው። ጅማ ክረምት ሲገባ እርጥበቱን ታውቁታላችሁ። ወንድሜ ልጅ ሆኖ ደረቱ ሲር ሲር ይልበት ነበር፤ ካደገ በኋላ ትቶት ነበር። ያ ክረምት ተመለሰበት። ሌሊት ሌሊት ያስለዋል፣ ደረጃ ሲወጣ ያለከልካል። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠና «ታጨሳለህ?» አለው። እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። «አይ ዶክተር፣ ያቺን ቀለል ያለችውን ነው አንዳንዴ» አለ። ሐኪሙ አልተቆጣም። በቧንቧ አስነፍሶ ትንፋሹን ለካው፣ ቁጥሩን አሳየው፣ በዕድሜውና በቁመቱ ላለ ጤነኛ ሰው ስንት መሆን እንደነበረበትም ነገረው። አስም እንደሆነ፣ ጭሱም እንደቀሰቀሰው አስረዳው። ቀጥሎ ያለው ነው እኔን ያስደነገጠኝ፤ በየቀኑ የሚሳበው የአስም መከላከያ መድኃኒት በሚያጨስ ሰው ላይ እንደ ሌላው ሰው አይሠራም አለን። መድኃኒቱን እየገዛን ጭሱ ሊያበላሸው ነው።

ራጅም ተነሣ፤ ንጹሕ ሆነ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። እማዬ «ንጹሕ ነው» የሚለውን ስትሰማ እልል ልትል ነበር፤ ወንድሜም «አያችሁ?» አለ። ሐኪሙ ግን በራጅ ላይ ምንም አለመታየቱ የአየር ቧንቧው አልተቆጣም ማለት እንዳልሆነ ቁጭ አድርጎ አስረዳን። የቧንቧ መቆጣት፣ የአስም መጥበብ በራጅ አይታይም፤ በሚታይበት ጊዜ ብዙ ነገር አልፏል። ልጃችሁ ራጅ ንጹሕ ነው ብሎ ከመጣ ትንፋሹ ተለክቶ እንደሆነ ጠይቁት።

ማቆሙን ያሰበው ራሱ ነው፤ መንገዱን ግን መጀመሪያ በራሱ መረጠ። «ጣፋጩን ትቼ ተራውን አጨሳለሁ፤ እሱ ስለሚያስጠላኝ በዚያው እተወዋለሁ» አለ። ብልህ ሐሳብ መስሎን ነበር። ተራው የመጀመሪያዎቹን ቀናት አስጠላው፤ ከዚያ ለመደው። ኒኮቲን የለመደ ሰውነት ጣዕም አይመርጥም። ለዚህ ነው በጣፋጩ የጀመረ ልጅ በጣፋጩ ይቆማል ብላችሁ እንዳትጽናኑ የምላችሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ቆርጦ ሙሉ በሙሉ ተወ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ከባዶቹ ናቸው፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ስለነገረን አልደነገጥንም። ይበሳጫል፣ ይርበዋል፣ ትኩረቱ ይበተናል። ከዚያ በሳምንታት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል። አስቀድማችሁ ያላወቃችሁት ከሆነ የሚያስደነግጣችሁ ሌላ ነገር አለ፤ ካቆመ በኋላ ሳሉ ለጊዜው ሊብስ ይችላል። ጭሱ ያደነዘዛቸው የአየር ቧንቧ ፀጉሮች ነቅተው አክታውን መጥረግ ሲጀምሩ ነው። እማዬ «ሲያጨስ እንዲህ አላሳለውም ነበር» ብላ ልትመልሰው ምንም አልቀራትም።

አሁን ለጅማ ሰው ይበልጥ የሚጠቅመውን ልንገራችሁ። ወንድሜ ማጨስ ባቆመ በሳምንቱ ልቡ ይደልቅበት፣ እጁ ይንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ እምቢ ይለው ጀመር። ሁላችንም የኒኮቲኑ ነው አልን። እኔ ግን ለሙያዬ ስል ስለ ካፌይን ማንበብ አዘወትር ነበርና አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የትምባሆ ጭስ ጉበት ካፌይንን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ይጨምራል፤ የሚያጨስ ሰው ካፌይንን ከማያጨስ ሰው በእጥፍ በሚጠጋ ፍጥነት ከሰውነቱ ያስወጣል። ማጨስ ሲያቆም ጉበቱ ወደ ቀድሞው ይመለሳል፤ የሚጠጣው ቡና ግን አልቀነሰም። እኛ ቤት ደግሞ ቡና ጠዋት አቦል ቶና በረካ ነው፣ ከሰዓት እንደገና ይፈላል። ልጁ ሳያውቀው የካፌይኑን መጠን በእጥፍ ያህል ከፍ አድርጓል። ሐኪሙን ጠየቅነው፤ ቡናውን በግማሽ ቀንስ አለው። አቦሉን ጠጥቶ ሲኒውን መገልበጥ ጀመረ፤ በጥቂት ቀናት እንቅልፉ ተመለሰ። እዚህ ስንቱ ሰው «ሲጋራ ሳቆም አመመኝ» ብሎ የተመለሰው በራሱ ቡና ሰክሮ ይሆን እላለሁ።

ከሁሉ የከበደው ግን በርጫው ነው። ሲጋራ ትቶ ጫት ቤት መቀመጥ አልሆነለትም፤ ሁለቱ በአንጎሉ ውስጥ ተጋብተዋል። ለተወሰነ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቦታ መዋል ነበረበት። ጅሬን ድረስ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በእግሩ መውጣት ጀመረ፤ ዳገቱን መጀመሪያ ላይ እየቆመ ነው የወጣው፣ ቆይቶ ሳይቆም። አንዳንዴ የኔ ሥራ ቦታ እየመጣ ከጎኔ ሲኒ ያሸት ነበር። መጀመሪያ ላይ የታጠበውንና ደረቁን እንኳ አይለይልኝም፤ «ሁሉም ቡና ቡና ነው የሚሉት» ይለኛል። ማጨስ የማሽተት ኃይልን ያደክማል፤ ሲቆም ቀስ በቀስ ይመለሳል። አንድ ቀን የሊሙን ቡና ከሌላው ለይቶ ሲያወጣ የሥራ ባልደረቦቼ አጨበጨቡለት። አለቃችን፣ ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ ቀማሽ፣ «ይህን ልጅ ለኔ ስጪኝ» አሉ። እንደ ቀልድ ነው ያሉት፤ ወንድሜ ግን ለእማዬ እንደ ዲግሪ ነው ያወራላት።

ባለሱቁንም አነጋግሬዋለሁ። ጠብ አልፈለግሁም፤ እናቱ ከእናቴ ጋር ዕቁብ ይጥላሉ። «እኔ ባልሸጥ ቀጣዩ ይሸጣል እኮ» አለኝ። እውነት ነው፤ ቢሆንም ሕጉን ነገርኩት። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ መሸጥ ይከለክላል። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ሲጋራ መሸጥም፣ ፓኮ ፈትቶ በፍሬ መሸጥም፣ ሺሻም፣ የኤሌክትሮኒክ ሲጋራም ክልክል ነው። ባለሱቁ ከነዚህ የሚያውቀው የሺሻውን ብቻ ነበር። «ሲጋራው ራሱ የተከለከለ ነው እንዴ?» ብሎ ከልቡ ተገረመ። ሌላውም ዓለም እዚህ የደረሰው በቅርብ ነው፤ አሜሪካ የፍራፍሬና የከረሜላ ጣዕም ያላቸውን ሲጋራዎች የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፣ ሜንቶልን ግን ትታለች። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ጀምሮ ሜንቶሉን እ.ኤ.አ. በ2020 ጨመረበት። የኛው አዋጅ በወረቀት ከብዙዎቹ ይልቅ ጥብቅ ነው፤ ከወረቀት ወርዶ ጀብሎው ጋ ገና አልደረሰም። ባለሱቁ አሁን ቀጭኗን አይሸጥም፣ ቢያንስ ለሠፈራችን ልጆች። ሌላውን አልማልለትም።

ሺሻን የምትጠይቁኝም አላችሁ፤ «እሱስ በውኃ ነው የሚጣራ» እያላችሁ። ውኃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፣ አያጣራውም። ሺሻ ላይ የሚጫነው ትምባሆ በሞላሰስ ወይም በማር የተለወሰ፣ የፖም ወይም የሌላ ፍሬ ጣዕም የተጨመረበት ነው፤ ከላዩ ከሰሉ የራሱን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ጽሑፍ መሠረት አንድ ሰዓት ያህል ሺሻ ሲስብ የቆየ ሰው የሚያስገባው የጭስ መጠን ከአንድ ሲጋራ ከ100 እስከ 200 እጥፍ ይደርሳል። ተዘግቶ በሚጨስበት ክፍል ውስጥ ራሱን ያዞረው ልጅ «ምርቃና ነው» ይላችኋል፤ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመረዝ ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፣ ካልተሻለው ሐኪም ቤት አድርሱት።

ልጁን እንዴት እንደምታነጋግሩት ደግሞ፤ እኔ ያገኘሁትን ቁራጭ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ «ይህ የምን ጣዕም ነው?» ብቻ ነው ያልኩት። «ታጨሳለህ?» ብለው ኖሮ «አላጨስም» ይለኝ ነበር፤ በሱ ቤት ያቺ ሲጋራ አልነበረችማ። ስለ ጣዕሙ ስጠይቀው ግን ማውራት ጀመረ፤ የትኛዋ እንደምትሻል፣ የት እንደምትሸጥ፣ ማን እንዳመጣት። ያንን ሁሉ ሳላቋርጥ ሰማሁት። ለአባቴ አልተናገርኩም፤ ወንድሜም እየፈራ «እትዬ፣ ለአባባ እንዳትነግሪብኝ» አለኝ፤ ሐኪም ዘንድ አብረን እስከሄድን ድረስ ቃሌን ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላ ለአባቴ የነገረው ራሱ ነው።

ካቆመ በኋላ አንዴ አጭሷል። የጓደኛው ሠርግ ላይ ነው፣ ያችኑ ቀጭኗን። በማግስቱ ራሱ መጥቶ ነገረኝ። እንዲህ ሲሆን «በቃ ተበላሸ» ብላችሁ ሁሉን አትጣሉ፤ ያለፈው ሁሉ ዜሮ አልሆነም። የት እንደነበረ፣ ማን እንደሰጠው፣ ምን እየጠጣ እንደነበር ጠይቁት። የሱ መልስ «ቢራና በርጫ፣ ሁለቱ በአንድ ቀን» ነበር። አሁን ሠርግ ሲጠራ ምሳውን በልቶ፣ ሙሽሮቹን ሸኝቶ፣ ጫቱ ሳይዘረጋ ይመጣል። የሚስበውን የአስም መድኃኒት፣ ኢንሄለሩን፣ ከኪሱ አይለይም፤ እኔም በየክረምቱ መግቢያ ትንፋሹን ሊያስለካ ሐኪም ቤት ድረስ አብሬው እሄዳለሁ።